ዳዩ ይቅደም፣ ፕሬሱ ይደርሳል

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለወላጆችና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር



በሰው አገር ተሰባስበን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ፣ የታመመ ስንጠይቅ፣ የሞተ ስንቀብር፣ ልጅ ስንድር ለዚህ ቀን በቅተናል። ተቀብላ ያስተናገደችንን የሐርጌሳን ከተማና ሕዝቧንም ማመስገን ይገባናል።

የበዓሉ ኮሚቴ አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ «እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብረታ ብረት የምሸጥ ባለሱቅ ነኝ፤ ምን አውቄ ነው ለሰው የማስተምረው?» ብዬ ነበር። እነሱም «የምታውቀውን ተናገር» አሉኝ። እኔ የማውቀው ብረት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ በሱቄ መደርደሪያ ላይ የምታዩት ሮንዴላ፣ የበር ማጠፊያ፣ የጓንጉል ማንጠልጠያ፣ በጠቅላላው ከላሜራ ተቆርጦና ተጫፍኖ የሚወጣ ዕቃ እንዴት እንደሚታሰብና እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ርዕሱን የመረጥኩት ግን ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን አራት ወጣቶች የዕቁብ ገንዘባቸውን አጠራቅመው ከዱባይ ያገለገለ ባለ 16 ቶን ፕሬስ ሊያስመጡ ተነሥተዋል። የሶላር ፓነልን ከጣሪያ ጋር የሚይዝ የኤል ቅርጽ ማሰሪያ እዚሁ ሠርተው ሊሸጡ ነው ሐሳባቸው። እኔን ዋስ ሁነን ብለውኛል። መልሴን በጓዳ ከምነግራቸው በወላጆቻቸው ፊት ብነግራቸው ይሻላል ብዬ አስፈቅጃቸዋለሁ። ምክንያቱም ገንዘቡ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ የእናቶች የእንጀራ ሽያጭ አለበት።

ቆርኪው ምን ይነግረናል?

ልጆች፣ እስቲ የጠጣችሁትን የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ አንሡና ጥርሱን ቁጠሩት። 21 ታገኛላችሁ። ይህን ቆርኪ ዊልያም ፔይንተር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካ አገር የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። መጀመሪያ ጥርሱ 24 ነበር፤ ኋላ 21 ሆነ። አዲስ አበባ ብትከፍቱት፣ ድሬዳዋ ብትከፍቱት፣ እዚህ ሐርጌሳ ብትከፍቱት መክፈቻው አንድ ነው።

ቆርኪ የሚሠራው ውፍረቱ ከሩብ ሚሊ ሜትር ከሚያንስ ስስ ቆርቆሮ ነው። ቀለሙና ጽሑፉ የሚታተመው ቆርቆሮው ገና ሰፊ ሉህ ሳለ ነው። ከዚያ ሉሁ ወደ ፕሬሱ ይገባል፤ ክቡ ይቆረጣል፣ ጠርዙም ወደ ታች ታጥፎ ጥርስ ያወጣል። ጽሑፉ መሐል ላይ እንዲያርፍ ያደረገው ፕሬሱ አይመስላችሁ። ፕሬስ ዓይን የለውም፤ ከላይ ወደ ታች መውረድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ያንን ያሰበው ቀደም ብሎ በወረቀት ላይ የለካ ሰው ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ውስጥ አለ፤ ዕቃው የሚበላሸውም የሚያምረውም ፕሬሱ ከመውረዱ በፊት ነው።

ወንዱና ሴቷ

ፕሬስ ላይ ሁለት ነገር ይታሰራል። ከላይ የሚወርደው ወንዱ ነው፤ ፓንች ይባላል። ከታች ተቀምጣ የምትቀበለው ሴቷ ናት፤ ዳይ ትባላለች። በሥራ ቦታ ግን ሁለቱንም በአንድ ላይ ዳይ እያልን ነው የምንጠራው። ላሜራው በመካከላቸው ይገባል። ፓንቹ ሲወርድ ላሜራውን እንደ መቀስ ይቆርጠዋል፣ ወይም ያጥፈዋል፣ ወይም ስቦ እንደ ኩባያ ያጎደጉደዋል። መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ መሳብ፤ ሌላው ሁሉ የእነዚህ ቅልቅል ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ግን ከዚህ አይቆጠርም፤ እሱ በብዛት የሚወጣው በሚሽከረከሩ ሮለሮች መካከል አልፎ ነው።

አንድ ሮንዴላ እንውሰድ። ለ10 ሚሊ ቡሎን የሚሆነው የተለመደው ሮንዴላ ቀዳዳው 10.5 ሚሊ፣ የውጭ ስፋቱ 20 ሚሊ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ነው። ላሜራው በጥብጣብ መልክ ተቆርጦ ወደ ዳዩ ይገባል። በመጀመሪያው ጣቢያ ቀዳዳው ይበሳል፤ ጥብጣቡ አንድ እርምጃ ይገፋል፤ በሁለተኛው ጣቢያ የውጭው ክብ ይቆረጥና ሮንዴላው ይወድቃል። ቀዳዳው መሐል እንዲሆን በሁለተኛው ፓንች አፍንጫ ላይ ትንሽ መሪ ጫፍ አለ፤ እሱ አስቀድሞ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ላሜራውን ቀጥ ያደርገዋል። መሪው ካረጀ ሮንዴላው አንድ ጎኑ ወፍራም፣ አንድ ጎኑ ስስ ሆኖ ይወጣል።

ለዚህ ሥራ ስንት ጉልበት ይፈልጋል? ሒሳቡ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የሚቆረጠው መስመር ርዝመት በላሜራው ውፍረት ይባዛል፤ ከዚያ ብረቱ ለመቆረጥ በሚጠይቀው ኃይል ይባዛል። ለተራ ለስላሳ ብረት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 30 ኪሎ ገደማ ይያዛል። የሮንዴላው የውጭ ዙሪያና የቀዳዳው ዙሪያ ሲደመር 96 ሚሊ ያህል ነው። በ2 ሲባዛ፣ በ30 ሲባዛ 5,700 ኪሎ ይወጣል። አንዲት ሮንዴላ 57 ኩንታል ጤፍ የሚያህል ጭነት ትጠይቃለች ማለት ነው። ልጆች፣ ይህንን ቁጥር አትርሱ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሌላው ምስጢር በፓንቹና በዳዩ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ፓንቹ ከዳዩ ቀዳዳ ትንሽ ያንሳል። ለተራ ብረት በያንዳንዱ ጎን ከላሜራው ውፍረት ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ይተዋል፤ ለ2 ሚሊ ላሜራ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ማለት ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ዳዩ ቶሎ ያልቃል፤ ከሰፋ ደግሞ ላሜራው በመቆረጥ ፈንታ እየተጎተተ ይቀደዳል።

ይህን የምነግራችሁ ዕቃ ስትገዙም ስለሚጠቅማችሁ ነው። የሮንዴላውን ጠርዝ በብርሃን ተመልከቱት። በአንድ ወገን ትንሽ ክብ ያለ ለስላሳ ጫፍ፣ ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ ቀበቶ፣ ቀጥሎ ሻካራ ክፍል አለው። በመጨረሻው ጫፍ ላይ እንደ ምላጭ የቆመ ስለት ካለ ክፍተቱ ተበላሽቷል፣ ወይም የዳዩ ጠርዝ ደንዝዟል ማለት ነው። በጣታችሁ ስትዳስሱት የሚቧጭር ዕቃ ከሆነ ሻጩ እኔም ብሆን መልሱልኝ።

በብር ላይ ያለችው ንግሥት

የዚህ ሥራ ታሪክ ለእኛና ለሶማሊላንድ ወንድሞቻችን የጋራ ነው። ከሐረር ወደ በርበራ ቡናና ቆዳ በግመል ሲጫን በነበረበት ዘመን ሁለቱም ወገን የሚገበያየው በአንድ ገንዘብ ነበር፤ በማርያ ቴሬዛ ብር። ይህ ብር በመመታት የተሠራ ዕቃ ነው። ከብር ሉህ ክቡ ይቆረጣል፣ በሁለት ዳዮች መካከል ይገባል፣ ተመትቶ የንግሥቲቱ መልክ ይወጣበታል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሽርፍራፊ ነው።

የሚገርመው ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተው ከዚያ በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት ይዞ መቅረቱ ነው። ነጋዴው ሌላ አልቀበልም ስላለ ነው። በጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ሳይቀር እየቆጠረ የሚቀበል ሰው ነበር። መንግሥት ያልጻፈውን የጥራት መለኪያ ገበያው ራሱ ጽፎት ነበር ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ሲያስመቱ ክብደቱን ከዚሁ ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር ያስተካከሉት በዚህ ምክንያት ነው። ጎረቤታችን ሐረርም ከዚያ በፊት በአሚሮቿ ዘመን መሐለቅ የሚባል የራሷን ትንሽ ሳንቲም ታስመታ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የማርያ ቴሬዛን ብር ማስመቻ ዳዮች ከቪየና ወደ ሮም ማስወሰድ ነበር። ጠመንጃና መድፍ ነበረው፤ ግን በዚህ አካባቢ ገበያ እንዲያምነው የዚያ ዳይ ባለቤት መሆን ነበረበት። ፕሬስ የትም አገር አለ። ዋናው ዳዩ ነው።

ምናለሽ ተራ የተማርኩት

እኔ ሥራውን የለመድኩት አዲስ አበባ መርካቶ ነው። ምናለሽ ተራን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ያለቀ በርሜል፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የመኪና ላሜራ በአንድ በኩል ይገባል፤ በሌላ በኩል የምጣድ አክንባሎ፣ የከሰል ምድጃ፣ ሳጥን፣ ባልዲ፣ ማንቆርቆሪያ ሆኖ ይወጣል። እዚያ አብዛኛው ሥራ በእጅ ነው። መዶሻ፣ መቀስ፣ ለማጠፊያ የሚሆን የሐዲድ ቁራጭ። ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ነው፤ ግን እውቀት ያለበት ድምፅ ነው።

ከዚያ በአንድ አነስተኛ ወርክሾፕ ተቀጠርኩ። እኛ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ባለሙያ ነበሩ። ሞርሳ፣ ሊማ፣ ትራፓኖ፣ ቶርኖ የሚባሉትን ስሞች ከጣልያን ዘመን ጀምሮ አፋቸው ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ላሜራ ሳይነኩ በፊት ከሲጋራ ካርቶን ይቆርጡ ነበር። በካርቶን ያጥፉታል፣ ይገጥሙታል፣ ያፈርሱታል። እኛ «ጋሼ፣ ጊዜ ፈጀ» ስንል «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ የሽማግሌ ነገር ይመስለኝ ነበር።

አሁን ግራ እጄን እዩት። ብዙዎቻችሁ ሱቅ ስትመጡ አይታችሁ ዝም ብላችኋል። ሌባ ጣቴና የመሐል ጣቴ የመጀመሪያ አንጓቸው የለም። ጋሼ ሥራ ካቆሙ በኋላ በተቀጠርኩበት ሌላ ቦታ ነው የሆነው። የት እንደነበር መናገር አስፈላጊ አይደለም። ዳዩ በችኮላ የተሠራ ነበር። ፓንቹ ወደ ላይ ሲመለስ ላሜራውን የሚያላቅቅ ሳህን መኖር ሲገባው አልነበረውም፤ «ለጊዜው እንዲሁ እንሥራ» ተባለ። ላሜራው ከፓንቹ ጋር ተጣብቆ ወጣ። እኔም በጣቴ ላላቅቀው እጄን ሰደድኩ። ፕሬሱ በእግር ፔዳል የሚሠራ ነበር፤ ፔዳሉ መከለያ አልነበረውም፤ እግሬ ተንሸራተተ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ሰዉ ሁሉ «ፕሬሱ ቆረጠው» አለ። እኔ ግን ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። የቆረጠኝ ያ ያልተሠራው ሳህን ነው። ንድፉ ላይ ቢኖር ኖሮ እጄን የምሰድበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

የደብተር ንድፍና 3,000 ማጠፊያ

ሰው ከሌላው ጥፋት ብቻ ሳይሆን ከራሱም ይማራል። ሐርጌሳ መጥቼ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ «ማጠፊያ ከውጭ ከማመጣ ለምን አላሠራም?» አልኩ። የልጄን የትምህርት ቤት ደብተር ወስጄ በማስመሪያ ሣልኩና አዲስ አበባ ላለ ዳይ ሠሪ ላክሁ። ሰውየው ያዘዝኩትን ነው የሠራው። 3,000 ፍሬ አስመትቼ በቶጎ ውጫሌ በኩል አስጫንኩ።

ስከፍተው ቀዳዳዎቹ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነዋል። ቀዳዳዎቹን የሣልኳቸው ላሜራው ከሚጠቀለልበት ቦታ አጠገብ ነበር። ላሜራ ሲታጠፍ ውጩ ይለጠጣል፣ ውስጡ ይጨመቃል፤ አጠገቡ ያለ ቀዳዳ አብሮ ይጎተታል። ቪቴው አልተቀመጠም። በር ላይ ቢታሰር ከአንድ ዓመት አያልፍም ነበር። ሁሉንም በኪሎ ለቁርጥራጭ ሸጥኩት። የዳዩን ዋጋ፣ የላሜራውን፣ የጭነቱን፣ የቀረጡን ከኪሴ ከፈልኩ። ባለቤቴ ያን ዓመት ለቤተሰቧ ጥየቃ ሳትሄድ ቀረች። ስለዚህ እናንተ አራታችሁ ልጆቼ፣ ነገሬ ክፋት አይምሰላችሁ፤ የከፈልኩበትን ነው የምነግራችሁ።

ማሰሪያውን አብረን እንንደፈው

አሁን ወደ እናንተ ማሰሪያ እንምጣ። ባለፈው ሳምንት ያሳያችሁኝ ናሙና እያንዳንዱ እግሩ 40 ሚሊ፣ ስፋቱ 30 ሚሊ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ነው። በያንዳንዱ እግር ላይ ለ8 ሚሊ ቡሎን የሚሆን ባለ 9 ሚሊ ቀዳዳ አለው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፤ ሳይታጠፍ በፊት ርዝመቱ ስንት ይሁን? እናንተ 40 እና 40 ደምራችሁ 80 ብላችኋል። አይደለም። ማዕዘኑ ላይ ላሜራው ዞሮ ስለሚያልፍ ሙሉውን ርዝመት አይፈልግም። በውስጥ በኩል 3 ሚሊ ክብ ማጠፊያ ብንተው የሚያስፈልገው 75 ሚሊ ገደማ ነው። 80 ብትቆርጡ ማሰሪያው ከልኩ በላይ ረዝሞ ይወጣል። በ2,000 ፍሬ ላይ ደግሞ ያለ ጥቅም የሚሄደው ጥብጣብ 10 ሜትር ይደርሳል። ትክክለኛውን ልክ ለማግኘት ሦስት አራት ቁራጭ አጥፋችሁ መለካት ነው፤ ከሒሳብ በኋላ ሙከራ ይከተላል።

ሁለተኛው፤ ቀዳዳው የት ይሁን? የቀዳዳው ጠርዝ መታጠፍ ከሚጀምርበት ቦታ ቢያንስ የውፍረቱን እጥፍ ይራቅ። ለእናንተ 6 ሚሊ ነው። የቀዳዳውን መሐል ከማዕዘኑ 22 ሚሊ ብታደርጉት ከዚያም ይበልጥ ይርቃል፤ በጫፉም በኩል በቂ ብረት ይተርፋል። ለቡሎኑ ራስ ቦታ ለማግኘትም ይህ ይጠቅማል።

ሦስተኛው፤ የላሜራው አቅጣጫ። ላሜራ ፋብሪካ ሲወጣ በሮለር ተዳምጦ ስለሆነ እንደ እንጨት ዓይነት መስመር አለው። መታጠፊያው ከዚያ መስመር ጋር ትይዩ ከሆነ ማዕዘኑ ላይ የመሰንጠቅ አደጋ አለ። መስመሩን አቋርጦ ከታጠፈ ይችላል። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ የሐጋ ወራት ንፋስ ፓነሉን ሲያወዛውዘው ግን ያገኘዋል። አንድ ፓነል ከጣሪያ ወድቆ የሚያርፈው መሬት ላይ ብቻ አይደለም፤ ግቢ ውስጥ የሚጫወት ልጅ አለ።

አራተኛው፤ ብረት ኩራተኛ ነው። 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ስትለቁት ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ዳዩ ሲሠራ ጥቂት ዲግሪ አልፎ እንዲያጥፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ስንት እንደሚያልፍ የሚወሰነው በብረቱ ዓይነት ነው። ዛሬ ከአንዱ ነጋዴ፣ ነገ ከሌላው የተገዛ ላሜራ አንድ ዓይነት ማዕዘን አይሰጥም። ከአንድ ቦታ ግዙ፤ ውፍረቱንም በሱቁ ወረቀት ሳይሆን በካሊፐር ለኩ።

አምስተኛው፤ ዝገት። ጋልቫናይዝ የሆነ ላሜራ ብትገዙም የተቆረጠው ጠርዝና የተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ዚንክ የለም። መቁረጥና ማጠፍ ካለቀ በኋላ ጋልቫናይዝ ማስደረግ ይሻላል፤ ካልተቻለ ጠርዙን በዚንክ ቀለም መቀባት ነው። በተለይ ለበርበራ የምትሸጡ ከሆነ የባሕሩ ጨው አይምርም።

16 ቶኑ ይበቃል ወይ?

ቅድም አትርሱ ያልኳችሁን የሮንዴላ ሒሳብ አሁን እናውጣው። ማሰሪያውን ከሰፊ ላሜራ በሙሉ ዙሪያው ብትቆርጡት ዙሪያው 210 ሚሊ ነው። በ3 ሚሊ ውፍረት፣ በ30 ኪሎ ሲባዛ 19 ቶን ያህል ይሆናል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ሌላ 5 ቶን ይጨምራሉ። በአንድ ምት 24 ቶን ማለት ነው። ለመጠባበቂያ ሩብ ያህል ሲታከልበት ከ30 ቶን ያላነሰ ፕሬስ ያስፈልጋችኋል። ልትገዙ ያሰባችሁት 16 ቶን ነው። ፕሬሱ ከዱባይ መጥቶ፣ ከበርበራ ወደብ ወጥቶ፣ እዚህ ተተክሎ፣ በመጀመሪያው ቀን ይቆማል፤ ወይም ይሰበራል።

ነገር ግን ተስፋ አትቁረጡ። መፍትሔው ትልቅ ፕሬስ መግዛት ሳይሆን ንድፉን መለወጥ ነው። ስፋቱ 30፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ ፍላት አይረን ከእኔ ሱቅም ከሌላም ተሠርቶ ይሸጣል። ሁለቱ ጎኖቹ አስቀድመው የተስተካከሉ ናቸው። መቁረጥ የሚቀረው ርዝመቱ ብቻ ነው፤ ያም 3 ቶን አይሞላም። ከሁለቱ ቀዳዳዎች ጋር ተደምሮ 8 ቶን ገደማ ነው። ያው 16 ቶን ፕሬስ በሰላም ይሠራዋል። በተጨማሪም ፍላት አይረን የተዳመጠው በርዝመቱ ስለሆነ መታጠፊያው መስመሩን አቋርጦ ይውላል። ቁርጥራጩም ይቀንሳል። ፕሬሱ አልተለወጠም፣ ብረቱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አስተሳሰባችን ነው።

አንድ ሌላ እውነት ልጨምር፤ እንደ ባለሱቅ ብናገረው ይጎዳኛል፣ ግን እናገራለሁ። ለመጀመሪያዎቹ 200 ፍሬ ፕሬስም ዳይም አያስፈልጋችሁም። 40 በ40፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ አንግል አይረን በ30 ሚሊ እየቆረጣችሁ በትራፓኖ ብሱት። ማሰሪያው ወጣ ማለት ነው። በእጅ ስለሆነ ቀስ ይላል፤ ግን የተበላሸ ነገር ቢኖር የሚበላሸው አምስት ፍሬ እንጂ 3,000 አይደለም።

ዳይ የሚያዋጣው ብዛት ሲኖር ነው። ለምሳሌ አንድ ዳይ 600 ዶላር ቢያስወጣችሁ፣ 600 ፍሬ ብቻ ከሸጣችሁ በያንዳንዱ ፍሬ ላይ አንድ ዶላር ተጫነ። 6,000 ከሸጣችሁ አሥር ሳንቲም ነው። 60,000 ከሸጣችሁ አንድ ሳንቲም ነው። ቆርኪ ርካሽ የሆነው ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የዳዩን ዋጋ ለሚሊዮን ሰው ስላካፈለው ነው። የእናንተ ገዢ ስንት ነው? ይህንን ገና አልቆጠራችሁም።

መልሴ

ስለዚህ ዋስ ሁነን ላላችሁኝ መልሴ ይህ ነው። ዛሬ አልፈርምም። እንቢ ማለቴ ግን አይደለም፤ ሦስት ነገር አድርጉና እፈርማለሁ።

አንደኛ፣ 200 ማሰሪያ ከአንግል አይረን ሥሩ። ትራፓኖው ከሱቄ በስተኋላ አለ፤ ማታ ማታ ተጠቀሙበት፤ ኪራይ አልጠይቅም። የተሠራውን በመደርደሪያዬ አስቀምጣለሁ። ለማን እንደተሸጠ በስልክ ቁጥሩ መዝግቡ፤ አንድ የንፋስ ወቅት ካለፈ በኋላ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ተመልከቱት።

ሁለተኛ፣ ንድፉን በደብተር ሳይሆን በትክክለኛ ልክ፣ ከነመቻቻሉ፣ ማለትም ምን ያህል ቢያንስና ቢበዛ እንደሚታለፍ ጽፋችሁ አሠሩ። ከመካከላችሁ አንዱ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ተምሮ መምጣቱን አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የተማረው። ለዳይ ሠሪውም ላሜራውን የሚያላቅቀው ሳህን ይኑር ብላችሁ በጽሑፍ እዘዙ። መለዋወጫ ፓንች አብራችሁ አሠሩ፤ የሚያልቀው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ፕሬሱን ስትመርጡ ቀለሙን አትዩ። ክላቹና ፍሬኑ በትክክል መያዙን፣ መከለያው መኖሩን እዩ። ሁለቱም እጅ ቁልፍ ላይ ካልሆነ የማይወርድ ፕሬስ ግዙ። በእግር ፔዳል ብቻ የሚሠራ፣ መከለያ የሌለው ፕሬስ በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ በእኔ ዋስትና ወደ ግቢያችን አይገባም። ዳይ ስትቀይሩ ሞተሩ ይጥፋ፣ ዙሩ ፈጽሞ ይቁም፣ ከላይ ያለው ክፍል እንዳይወርድ ድጋፍ ይግባበት። ብቻውን ማንም አይሥራ። እናቶች፣ ልጆቻችሁ ይህን ካላደረጉ ለእኔ ንገሩኝ።

ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልበላችሁ። ልጆቻችን ከቶጎ ውጫሌ ተሻግረው መጥተው እዚህ አልበቃ ሲላቸው ዓይናቸው ወደ ባሕሩ፣ ወደ የመን ያያል። ያ መንገድ ስንቱን እንዳስቀረብን በዚህ አዳራሽ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። እነዚህ አራቱ ግን ፊታቸውን ወደ ሥራ አዙረዋል። ብንዘልፋቸው ይሄዳሉ፤ ዝም ብለን ገንዘብ ብንሰጣቸውም ከስረው ይሄዳሉ። የሚያስፈልጋቸው ገንዘቡም ልኩም አንድ ላይ ነው። «ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሀምሳ ሰው ጌጥ» እንዲሉ፣ አንዳችን ትራፓኖ፣ አንዳችን ንድፍ፣ አንዳችን ጣሪያውን እንስጣቸው። የመጀመሪያውን ጣሪያ እኔ ሰጥቻለሁ፤ የሱቄን ሶላር በእነሱ ማሰሪያ ነው የማስረው።

ልጆች፣ ቆርኪዎቹን እንዳትጥሏቸው። ቤት ስትደርሱ በማስመሪያ ለኩና በወረቀት ላይ ሣሏቸው። ለሚቀጥለው በዓል በደንብ ለክቶ የሣለ ልጅ ከእኔ አንድ ካሊፐር ይሸለማል።

ፈጣሪ አገራችንን፣ የተቀመጥንባትን አገርና የልጆቻችንን እጅ ይጠብቅልን።